ጡቷ የታሰረች ላምና ያገለገለ መኪና



በዚህ አምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቤታችን ደጃፍ ስለምትቆመው መኪና እንነጋገር። «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም እንደዚያ እንል ነበር፤ የገዛናት መኪና በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ለቃ እስክታስቆመን ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በታክሲ ሰልፍ ሐኪም ቤት መመላለሱ የሚሆን አልነበረም። የልጆቹም ትምህርት ቤት ሩቅ ነው። ስለሆነም በወጣልን ዕቁብ ላይ ኩዌት ሰው ቤት ስድስት ዓመት የሠራችው እህታችን ያጠራቀመችውን ጨምረን አንዲት አሮጌ ኮሮላ ለመግዛት ተነሣን። እህታችን ገንዘቡን ስትልክ «እማዬ እንዳትንገላታ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተነፈሰችም።

ከሻጩ ጋር ያገናኘን ደላላ ነው። ልባችንን ያሳረፈው ግን ደላላው ሳይሆን ሻጩ በሰፈራችን መስጂድ ከእኛ ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግድ ሰው መሆኑ ነበር። «ከጎናችን የሚሰግድ ሰው ምን ይደብቀናል?» ብለን መካኒክ ሳንይዝ ሄድን። ስንደርስ መኪናዋ ታጥባ፣ ሞተሯ ተነሥቶ ጠበቀችን። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ዋጋ ተነጋገርን፣ ቢስሚላህ ብለን ተዋዋልን።

ዳገቱ ላይ የቆመችውን መኪና እናታችን ከኋላ እንደተቀመጡ ገፍተን ዳር አስያዝናት። የመጣው መካኒክ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በሁለት ጣቱ መካከል አሸት አደረገና «ይህ ዘይት አይደለም፣ ማር ነው» አለን። ያለቀ ሞተር ድምፁ እንዲለሰልስና ጭሱ ለጥቂት ጊዜ እንዲጠፋ ከመደበኛው ዘይት ጋር የሚጨመር ወፍራም ነገር አለ። እርሱን ሞልተውባት ነበር። የፒስተኖቹ ፋሻ አልቋል። ሞተሩ ወርዶ ቶርኖ ቤት ገባ፤ ሶማሌ ተራ ወርደን ዕቃ ፈለግን፤ የሚቀጥለው ዕቁብ ሳይወጣ ተበላ። እናታችንም ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመለሱ። እህታችን በስልክ «መኪናዋስ እንዴት ናት?» ስትለን «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ናት» አልናት። አሁን ስናስበው እኛም በዚያች ሰዓት የመኪናዋን ዓይብ ከባለገንዘቧ ደበቅን።

በዚያ ሰሞን ሻጩን በየሻይ ቤቱ አማነው። ስሙን ጠርተን «ሰጋጅ መስሎ አታለለን» አልን። በመጨረሻ አንድ ኡስታዝ «ሰውየውን ራሱን አናግራችሁታል?» ሲሉን አፈርን። አላናገርነውም ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ አብረን ሄደን ስንጠይቀው እንዲህ አለ፤ «ወላሂ እኔም ከገዛኋት አራት ወር አልሞላኝም። ዘይት እንደምትበላ አውቃለሁ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር እጨምርባት ነበር። አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ እንደ ዓይብ አልቆጠርኩትም። ወፍራሙን ዘይት ደላላው ጨምርበት ሲለኝ ለሞተሩ ይጠቅማል መስሎኝ ነው።»

የዚህን ቃል እውነትና ሐሰት አላህ ያውቃል። ነገር ግን «እንደ ዓይብ አልቆጠርኩትም» የምትለዋ ቃል ከዚያ ወዲህ ከጆሯችን አልወጣችም። በመኪና ንግድ ውስጥ የሚፈጸመው አብዛኛው በደል የሚጀምረው ከእርሷ ነውና።

የላሟ ነገር

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለገበያ የሚቀርቡ ግመልና በግ ጡታቸው ሳይታለብ እንዳይከማች ከልክለዋል። በዚያን ዘመን አንዳንድ ነጋዴ እንስሳዋን ጥቂት ቀናት ሳያልብ ያቆያታል፣ ወይም ጡቷን ያስራል። ወተቱ ሲሞላ ገዢው «ይህች ሁልጊዜ እንዲህ የምትታለብ ናት» ብሎ በውድ ይገዛል። በማግስቱ ሲያልባት ግን ወተቱ የለም። በሐዲሱ መሠረት ይህ የገጠመው ገዢ አልቦ ካያት በኋላ ምርጫው የእርሱ ነው። ከወደደ ያስቀራታል፤ ካልወደደ ስለ ጠጣው ወተት አንድ ቁና ተምር ጨምሮ ይመልሳታል። በሌላ ዘገባ የምርጫው ጊዜ ሦስት ቀን እንደሆነ ተጠቅሷል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ላሟን ያሰረው ሰው በአፉ የተናገረው አንዲት የሐሰት ቃል የለም። ወተቷ ይህን ያህል ነው አላለም። ጡቷን ብቻ አሰረ። በሞተር ውስጥ የተሞላው ወፍራም ዘይት ከዚህ በምን ይለያል? ወደ ኋላ የተመለሰው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ ዝገቱ ላይ የተለጠፈው ስቱኮ፣ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ተነሥቶ የሞቀው ሞተርስ?

በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ያለውንም የእህል ክምር ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ባለእህሉ ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ጠየቁት። ያ ነጋዴ ዝናቡን አላዘነበም፤ የተጠየቀው እርጥቡን ከታች ስላደረገው ነው። መኪናም ማርጀቷ የማንም ጥፋት አይደለም።

ዑለማዎች ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ሐዲሶች የኺያርን ሕግ አውጥተዋል። ሻጭና ገዢ ከተዋዋሉበት ቦታ እስኪለያዩ ድረስ የመተው መብት አላቸው። ከሽያጩ በፊት የነበረ ዓይብ ከተገኘም ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። አንዳንድ ሻጭ «ካየኸው በኋላ አላውቅልህም» በማለት ነፃ የሚሆን ይመስለዋል። በዚህ ላይ የመዝሀቦቹ ዝርዝር ስለሚለያይ ጉዳዩ የገጠመው ሰው በአቅራቢያው ያለ ዓሊምን ይጠይቅ። እያወቁ መደበቅ ኃጢአት መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የሀገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል።

በእኛ ጉዳይ ሞተሩን አስከፍተን ስለነበር መኪናዋን እንዳለች መመለስ አስቸጋሪ ሆነ። ኡስታዙና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ በጉድለቷ ልክ ከዋጋዋ የተወሰነው እንዲመለስልን አስማሙን። ሰውየው በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨረሰ። እኛም በፊታቸው ወዳማነው ሰዎች ዘንድ እየሄድን ነገሩን አስተካከልን፤ ይህኛው ከገንዘቡ ይልቅ ከበደን።

የታሰረውን መፍታት

ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ መኪና ሊገዛ ሲነሣ እየጠሩን አብረን እንሄዳለን። መካኒኮች አይደለንም። ይሁንና ከመካኒኮች አጠገብ ቆመን የተማርነውን እነሆ።

በመጀመሪያ ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀን» ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ ጧት መሄድ ይሻላል። እንደ ደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን እንመለሳለን ብላችሁ ብትሄዱ ነውር የለበትም። ብዙ በሽታ የሚታየው ሞተር በብርዱ ሲነሣ ነው። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የጭስ ማውጫውን ይመልከት። ለጥቂት ደቂቃ የሚታይና የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት የብርድ ነው፤ አያስፈራም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ግን ውሃ ወደ ማቃጠያው እየገባ መሆኑን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ነዳጅ ከአየሩ በልጦ ነው፤ ከሦስቱ የሚሻለው እርሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ በካርቡራተር ወይም በአየር ፊልትሮ ይስተካከላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች እዚህ ጥቁር ማጨስ የሚቀናቸው፣ ሞተሮችም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚያጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ ደከመች ብላችሁ ደህናዋን መኪና አትጥሏት።

ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱ። ከክዳኑ ሥር ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላልና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተጠርጣሪ ነው። ዘይቱ ራሱ እንደ ማር ከተጎተተ የእኛን ታሪክ አስታውሱ። ወፍራም ዘይት ግን ሙቀትና ዳገት አይችልም። መኪናዋን ግማሽ ሰዓት ያህል ንዷት፣ ዳገት አስወጧት። ስትመለሱ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን በጥንቃቄ አንሡት። በዚያ ቀዳዳ ጭሱ እንደ ጀበና ቡፍ ቡፍ የሚል ከሆነ ፋሻው አልቋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው መካኒክ ይዞ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ማስለካት ነው። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይት፣ የባትሪና የሞተር መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ የማይበራ መብራት ካለ አምፑሉን ያወጣው ሰው ምክንያት ነበረው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 60,000 እያለ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ጠፍጥፎ፣ መሪው ተልጎ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ካገኛችሁት ከቆጣሪው ይልቅ ፔዳሉን እመኑ። ለአካሉ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ሥር አስኪዷት። ላሜራ ላይ ትያዛለች፣ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ስቱኮ ማለት የግድ ትልቅ አደጋ ማለት አይደለም፤ ሻጩ «ተጋጭታ አታውቅም» ካለ በኋላ ማግኔቷ ከወደቀች ግን ሌላውንም ቃሉን መመርመር ይገባል።

በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የቀሩ ናቸው። እህቶቻችን ጋራዥ ሲሄዱ በእነዚህ ቃላት ስለሚደናገሩ ያልተበላሸውን ሁሉ እንደሚያስከፍሏቸው ይነግሩናል። መፍትሔው ቀላል ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ በእጃችሁ ተቀበሉ። አሮጌውን ማሳየት የማይወድ ጋራዥ ካጋጠመ ሁለተኛ አይኬድም።

በየዕለቱ የሚያጋጥመው

ከብልሽቶች ሁሉ በሀገራችን ብዙ ሞተር የሚገድለው ሙቀት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ መደበኛ ሥራውን የሚሠራው በዚያው አካባቢ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ በስፕሪንጉ ጫና ስለሚያሳድር መፍላቱ ወደ ላይ ይርቃል። ክዳኑ ሲላላ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይፈላል። ሰዎች በዚህ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ራዲያተር ያስቀይራሉ፣ የውሃ ፓምፕ ያስቀይራሉ። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። አንዳንድ መካኒክ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ይላል። ይህ በሽታውን መደበቅ ነው፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ያበዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ሞተር ከፈላ አጥፍቶ፣ ዳር ይዞ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በትኩሱ ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው እናውቃለን። በትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ስለ ፍሬን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በእግራችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ያላትን መኪና አትንዱ፣ አስጭናችሁ ውሰዱ። ለዒድ ወደ ወሎ ለሚወርዱ ግን አንድ ነገር እንበል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ነው። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ሸራውንና ዘይቱን ያግላል፣ ከዚያም ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። ዳገቱን የምትወጡበትን ማርሽ አስገብታችሁ በእርሱ ውረዱ። ከኋላ ክላክስ የሚነፋባችሁ ሰው ቢኖር ዳር ይዛችሁ አሳልፉት።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። በጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ በመጋዘን ያረጀ ጎማ በመንገድ ላይ ይፈነዳል። ጧት የማይነሣ ሞተርም ወዲያው አዲስ ባትሪ አያስገዛ። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ 14 ገደማ ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው ወይም የቺንጊያው ነው።

ወረቀቱ

በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ አመሳክሩ። በሻንሲ ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የአዲስ ቀለም ምልክት ካለ ከዚያ መኪና ራቁ። ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኗን ከመዘገባት መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ከሁሉ በላይ ግን በውክልና ብቻ መኪና ተረክቦ ለዓመታት መንዳት በወንድሞቻችን ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ተይዟል። ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ለማዳን ነው። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። የሟች ወራሾች መጥተው መኪናዋ በአባታችን ስም ናት ቢሉ ምን ይመለስላቸዋል? እኛ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ከሟች ልጆች ጋር ሦስት ዓመት በፍርድ ቤት ተመላልሷል። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

የዋጋውም ነገር ይህን ያባብሰዋል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለሆነም በሀገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ መኪኖች እያረጁም ዋጋቸው እንደ ድሮው የሚወርድ አልሆነም። አንድ ቤተሰብ ለሃያ ዓመት መኪና የሚያወጣው ገንዘብ የቤት መሥሪያ ሊሆን የሚችል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያገለገለ መኪና ለሚገዙ ደግሞ የታሰረው ጡት ባትሪው ነው፤ ከዋጋዋ ትልቁ ድርሻ እርሱ ነውና የቀረውን አቅም በመሣሪያ ሳታስለኩ አትዋዋሉ።

ተራችን ሲደርስ

የእኛዋ ኮሮላ ከተሠራች በኋላ በደንብ አገለገለችን። እናታችንንም እስከ መጨረሻው አመላለሰችልን፤ አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከደሴ ስንመለስ የጣርማ በርን ዳገት ስትወጣ ፈላችብን። ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተላጨ። ከዚያ በኋላ ደህና ሆነች፣ ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ስኒ ያህል ውሃ ትቀንሳለች። ወዴት እንደሚሄድ ማንም መካኒክ አላገኘውም።

ልንሸጣት ስንነሣ ደላላው «ያልተጠየቃችሁትን አትናገሩ» አለን። የመጣው ገዢ ትዳር የያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። በእርሷ የታክሲ ሥራ ሊሠራባት ነው፤ ከፊሉን ገንዘብ የተበደረው ከአማቱ ነው። ጧት መጣ፣ ኮፈኑን በእጁ ነካ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው። ሞተሩን አስነሣ፤ ንጹሕ ነው። ስለ ውሃው አልጠየቀም። ማን ይጠይቃል?

እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልነገርነውም። ሻይ አስቀረብን። በልባችን «አንድ ስኒ ውሃ ምን ዓይብ ይባላል፣ አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው» የሚል ሐሳብ መጣ። የዚያ ሻጭ ቃል መሆኗን ያስታወሰችን ባለቤታችን ናት፤ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ስለ ጣርማ በሩ ነገራችሁት?» አለች። ነገርነው። ወጣቱ ስኒውን አስቀምጦ ከአማቱ ጋር እንደሚማከር ተናግሮ ሄደ። ደላላውም እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠንም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መካኒክ ይዞ ተመለሰ። ኮምፕሬሽኗን አስለካ፤ አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ሆኑ። ከጠየቅነው ቀንሶ ሰጠን፣ የቀነሰውም ቀላል አልነበረም፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ነበር የታሰበው። ተስማማን። የሰነዶች ማረጋገጫ ጉዳያችንን ስንጨርስ አንድ ወረቀት ላይ በእጃችን ጻፍንለት። ቴስታታው አንድ ጊዜ ተላጭቷል፤ ሁለተኛ ቢላጭ እንደማይችል ቶርኖ ቤቱ ተናግሯል። የራዲያተሩ ክዳን አዲስ ነው። ቴርሞስታቱ በቦታው አለ፣ ማንም አውጣው ቢልህ እንዳትሰማው። የግራ የኋላ በር ሥር ስቱኮ አለ። ጧት ጧት ሳትነሣ ውሃዋን እይ።

ባለፈው ረመዳን ከመግሪብ በፊት ደወለልን። ደንግጠን አነሣን። ማፍጠሪያ ጠርቶን ኖሯል። በዚያው አፉ መኪናዋ አሁንም በሁለት ሳምንት አንድ ስኒ እንደምትጠጣ፣ እርሱም ወዴት እንደሚሄድ እንዳላገኘው ነገረን።